እየዘለሉ መጫወት፣ እየሠሩ ማጫወት፦ የፈጠራ ጌሞች ብዙኃኑን መሳብ ይችላሉ?

በማርች 2007 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የጌም ሠሪዎች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የሶኒው ኃላፊ ፊል ሃሪሰን ከክር የተሠራ የሚመስል አንድ ትንሽ አሻንጉሊት ለታዳሚው አስተዋወቀ። አሻንጉሊቱ ከጨርቅ፣ ከካርቶንና ከእንጨት በተገጣጠመ ዓለም ውስጥ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይንጠለጠላል። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ ግን ተጫዋቾቹ ጨዋታውን ሳያቋርጡ፣ እዚያው በቆሙበት ዕቃ እየፈጠሩና ስዕል እየለጠፉ የሠሩትን መልሰው ይጫወቱበት ጀመር። ሊትል ቢግ ፕላኔት የተባለው ጌም ለዓለም የታየው በዚያ ቀን ነው።

ያኔ የተነሳው ጥያቄ እስከ ዛሬ መነጋገሪያ ነው። ተጫዋቹን ሠሪ የሚያደርግ የዝላይ ጌም ከጌም ወዳጆች ክበብ ወጥቶ ወላጅን፣ ታናሽ እህትን፣ ኮንትሮለር ጨብጦ የማያውቅን ጎልማሳ መሳብ ይችላል?

የዚህ ጸሐፊ መልስ «ይችላል» ነው። ሆኖም ያለፉት አርባ ዓመታት ደጋግመው ያሳዩን ነገር አለ፦ ሰፊው ሕዝብ የሚመጣው ለመጫወት ነው። ወደ መሥራት የሚሻገረው ከተጫወተ፣ ከወደደና ከለመደ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቁ ጌሞች ተስፋፉ፤ ያዛቡት ደግሞ ምንም ያህል ቢወደሱ በጥቂቶች እጅ ቀሩ። ይህ ዳሰሳ ጉዞውን ከመነሻው ጀምሮ ይከታተላል፤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳይናገር የሚያስተምር ጌም

የዝላይ ጌም ሕግ ቀላል ነው፤ ገጸ ባሕሪው ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ከመደብ ወደ መደብ እየተሻገረ መሰናክሉን ያልፋል። በ1981 የኒንቴንዶው ሺጌሩ ሚያሞቶ በዶንኪ ኮንግ መሠረቱን ጣለ። በ1985 ደግሞ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ መጣና ዘርፉን ወደ ቤተሰብ ሳሎን አስገባው። ይህ ጌም ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል።

ያን ያህል ሰው እንዴት ሳበ? ምስጢሩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይታያል። ማሪዮ በስክሪኑ ግራ በኩል ቆሟል፤ ባዶው ቦታ በስተቀኝ ስለሆነ ተጫዋቹ ማንም ሳይነግረው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ትንሽ እንደሄደ አንድ ቡናማ ፍጡር ወደ እሱ ሲመጣ ያያል። ዝም ካለ ይነካውና ይሞታል፤ እንደገና ሲጀምር መዝለል እንዳለበት ገብቶታል። ከበላዩ የጥያቄ ምልክት ያለበት ሳጥን አለ። በጭንቅላቱ ሲመታው እንጉዳይ ይወጣል። እንጉዳዩ ወደ ቀኝ ተንሸራቶ ከቧንቧው ጋር ይጋጭና ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ጀማሪው ጠላት መስሎት ሊሸሽ ቢሞክር እንኳ ጣሪያ ሆነው የተደረደሩት ጡቦች ዝላዩን ስለሚገቱበት አብዛኛውን ጊዜ ይነካዋል። ይኸኔ ማሪዮ ያድጋል። ተጫዋቹ አንድም ቃል ሳያነብ የሚጎዳውንና የሚጠቅመውን ለይቶ አወቀ። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃንም ሆነ ጃፓንኛም እንግሊዝኛም የማያውቅ አዋቂ በእኩል የሚማርበት ትምህርት ነው።

ተጫዋቹን ሠሪ የማድረግ ሐሳብም ከዚያ ዘመን የራቀ አይደለም። በ1983 ዳግ ስሚዝ የሠራው ሎድ ራነር 150 ደረጃዎችን ይዞ ሲወጣ፣ ተጫዋቹ የራሱን ደረጃ የሚሠራበት ማዘጋጃም አብሮት ነበር። መሰላሉን፣ ጡቡን፣ ወርቁን በፈለጉበት ማስቀመጥ ይቻላል። ችግሩ የተሠራውን ለሌላው ማድረሱ ላይ ነበር። ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን የአንድ ልጅ ሥራ ከራሱ ኮምፒውተር ወይም በፍሎፒ ዲስክ ከተቀበለው ጓደኛው አያልፍም። የፈጠራው ፍላጎት ነበረ፤ ማድረሻው ግን አልነበረም።

ታላቅ ሥራ፣ ጠባብ በር

ማድረሻው የተገኘው ኮንሶሎች ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኙ ነው። በ2006 ማርክ ሂሊ፣ አሌክስ ኢቫንስ፣ ዴቪድ ስሚዝና ካሪም ኢቱኒ በእንግሊዟ ጊልድፎርድ ከተማ ሚዲያ ሞሊኪውልን አቋቋሙ። ሊትል ቢግ ፕላኔት በ2008 መጨረሻ በፕሌይስቴሽን 3 ሲወጣ «ተጫወት፣ ፍጠር፣ አካፍል» የሚል መርሕ ይዞ ነበር። አራት ሰዎች አብረው መጫወት ይችላሉ። የታዋቂው ተዋናይ ስቲቨን ፍራይ ድምፅ እየመራ ያስተምራል። ሳክቦይ የተባለው አሻንጉሊት ይስቃል፣ ያኮርፋል፣ እጁን ያወናጭፋል። ፊቱን ያየ ሁሉ ወደደው።

ጌሙ ሊሸጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የተከሰተው ነገር «ሰፊ ታዳሚ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያስረዳል። ከሙዚቃዎቹ አንዱ ኮራ የተባለው የክር ሙዚቃ መሣሪያ ጠቢብ የሆነው ማሊያዊው ቱማኒ ዲያባቴ ከሲሜትሪክ ኦርኬስትራ ጋር የሠራው ሲሆን በውስጡ የቁርአን ቃላት ነበሩበት። ጉዳዩ እንደተነሳ ሶኒ የታተሙትን ዲስኮች ከመላው ዓለም ሰብስቦ ሙዚቃው ያለ ድምፃዊ እንዲታተም አደረገ። ዲያባቴ ራሱ ሙስሊም ነበር፤ በእሱ ወግ እምነትና ሙዚቃ አብረው መሄዳቸው የተለመደ መሆኑን ተናግሯል። በማሊ ውዳሴ የሆነው ዜማ በሌላ አገር ሳሎን ውስጥ ቅሬታ ሊያስነሳ ይችላል። ለሁሉም ሰው ጌም እሠራለሁ የሚል ሰው ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

ተቺዎች ጌሙን አመሰገኑት፤ በ2009 በአሜሪካው የጌም ጥበብ አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። ገበያው ግን እንደታሰበው አልሄደም። በአሜሪካ በመጀመሪያው ወር 215 ሺህ ቅጂ ተሸጠ። ቁጥሩ መጥፎ ባይሆንም የአዲስ ዘመን መክፈቻ ተብሎ ለተነገረለት ሥራ ያንሳል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በዚያው ጊዜ ፕሌይስቴሽን 3 በአሜሪካ 399 ዶላር ሲሸጥ የኒንቴንዶው ዊ 249 ዶላር ነበር። ሳክቦይን ሊወዱ የሚችሉት ልጆች፣ እናቶችና አያቶች በብዛት የነበሩት ዊ ጋ ነው። ጌሙ ለቤተሰብ ተሠርቶ ቤተሰብ በማይበዛበት ቤት ተሸጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት በጌሙ ውስጥ ነበር። የፈጠራ መሳሪያው በዘመኑ አቻ አልነበረውም፤ ከፒስተንና ከማግኔት ማብሪያዎች ተነስቶ የሚደምርና የሚቀንስ ካልኩሌተር የሠራ ተጫዋች ሁሉ ተገኝቷል። በ2009 አጋማሽ ተጫዋቾች የሠሯቸው ደረጃዎች ከአንድ ሚሊዮን አለፉ። ይሁንና መሣሪያውን ለመልመድ ረጅም የትምህርት ክፍሎችን ማለፍ ያስፈልጋል፤ አንድ ደህና ደረጃ ለመሥራት ደግሞ ሰዓታት ይወስዳል። ዝላዩም በብዙዎች ዘንድ ተንሳፋፊ ነው ተብሎ ተተችቷል። ሳክቦይ ከሚያርፍበት ቦታ ይንሸራተታል፣ በሦስቱ የጥልቀት መስመሮች መካከል ሳይታሰብ ይቀያየራል። የዝላይ ጌም ዋናው ጣዕም ዝላዩ ስለሆነ ይህ ቀላል ጉድለት አልነበረም።

ያለ ፈጠራ የመጣው ሕዝብ

በ2009 መጨረሻ ኒንቴንዶ ኒው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዊን አወጣ። ይህ ጌም ደረጃ መሥሪያ የለውም። ያለው አራት ሰው በአንድ ስክሪን ላይ የሚጋፋበት፣ የሚገፋፋበት፣ የሚሳሳቅበት ጨዋታ ነው። ደካማው ተጫዋች ሲፈራ አንድ ቁልፍ ተጭኖ አረፋ ውስጥ ይገባና ጎበዙ መሰናክሉን አልፎ ያወጣዋል። አንድ ቦታ ላይ ስምንት ጊዜ የሞተ ተጫዋች አረንጓዴ ሳጥን ይመጣለታል፤ ሳጥኑን ሲመታ የማሪዮ ወንድም ሉዊጂ መንገዱን እየተጫወተ ያሳየዋል። ጌሙ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ።

ከሊትል ቢግ ፕላኔት ጎን ሲቀመጥ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሁለቱም ለአራት ሰው የተዘጋጁ፣ ሁለቱም ፈገግታ የሚፈጥሩ ናቸው። አንዱ ደካማውን ተጫዋች በአረፋ ተሸክሞ ይዞት ሄደ፤ ሌላው ለጎበዙ ተጨማሪ መሣሪያ ሰጠው። ጌም የማያውቀውን ዘመድ ሶፋው ላይ ያስቀመጠው የመጀመሪያው ነው።

ሚዲያ ሞሊኪውል በ2010 በሶኒ ከተገዛ በኋላ ሊትል ቢግ ፕላኔት 2ን በጃንዋሪ 2011 አወጣ። አሁን ከዝላይ ጌም አልፎ የመኪና ውድድርም፣ የተኩስ ጌምም፣ አጭር ፊልምም መሥራት ይቻላል። ይህ ለነባሮቹ ሠሪዎች ታላቅ ስጦታ ነበር። ለአዲሱ እንግዳ ግን መግቢያው ይበልጥ ከፍ አለበት።

ስልክና ኮምፒውተር በሩን ሲከፍቱት

ትልቁ ለውጥ የመጣው ማንም ባላሰበው አቅጣጫ ነው። በ2006 ዴቪድ ባዙኪና ኤሪክ ካሴል ለሕዝብ የከፈቱት ሮብሎክስ ለዓመታት ብዙ ሳይወራለት ኖረ። መግቢያው ነፃ ነው፤ በተራ ኮምፒውተር ይሠራል፣ በኋላም በስልክ መጣ። እዚያ ልጆች ለልጆች ከሠሯቸው ጨዋታዎች መካከል ገና ከጥንቱ ጀምሮ ጎልተው የወጡት «ኦቢ» የሚባሉት የመሰናክል ሩጫዎች ናቸው። ከመደብ ወደ መደብ ዝለል፣ ከወደቅህ እንደገና ጀምር። ይህ የማሪዮ ልጅ ነው። የሳክቦይ ሕልም፣ ማለትም ሰዎች እርስ በርስ የዝላይ ጌም እየሠሩ የሚጫወቱበት ዓለም፣ እጅግ በሰፋ መልኩ እውን የሆነው በሮብሎክስ ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ በቀን የሚገባበት ሰው ከ80 ሚሊዮን በላይ ነበር።

በ2013 ስዊድናዊው ሮበርት ቶፓላ ጂኦሜትሪ ዳሽን ለስልክ ለቀቀ። ጣት ስክሪኑን ይነካል፣ ትንሿ ካሬ በሙዚቃው ምት ትዘላለች። ከዚህ የቀለለ ጨዋታ የለም። ደረጃ መሥሪያው ግን እዚያው ውስጥ አለ፤ ተጫዋቾች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደረጃዎችን ሠርተውበታል። እዚህም ቅደም ተከተሉ ተጠብቋል። አንዲት ጣት የምትበቃው ጨዋታ ሰውን ታስገባለች፤ ማዘጋጃው የገባውን ያቆያል።

ማይንክራፍት የዝላይ ጌም ባይሆንም ከዚህ ዳሰሳ ሊቀር አይችልም። በ2009 ለሕዝብ የቀረበው የማርከስ ፐርሰን ሥራ በ2014 ለማይክሮሶፍት በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ በ2023 ደግሞ 300 ሚሊዮን ቅጂ አለፈ። በማይንክራፍት የመሥሪያ ቤትና የመጫወቻ ቤት የሚባል ልዩነት የለም። ሌሊት ከሚመጡት ጭራቆች ለመዳን ጎጆ የቀለሰ ልጅ ሳያውቀው ሠሪ ሆኗል። ሊትል ቢግ ፕላኔት ግን ለፈጠራ የተለየ ክፍል ነበረው፤ ብዙው ሰው የዚያን ክፍል በር ሳይከፍት ጌሙን ጨርሶ ወጣ።

ማሪዮ መዶሻውን ለተጫዋቹ ሲያቀብል

በሴፕቴምበር 2015 ኒንቴንዶ ሱፐር ማሪዮ ሜከርን በዊ ዩ ኮንሶል አወጣ። ከሊትል ቢግ ፕላኔት የተማረ ይመስላል። መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያዘንብም፤ ትንሽ ሠርቶ ለለመደ ተጨማሪ ይሰጠዋል። በዊ ዩ ስክሪን ላይ በብዕር ጡብ መደርደር ቀላል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ዓለም የማሪዮን ሕግ አስቀድሞ ያውቃል። እንጉዳይ ምን እንደሚያደርግ፣ ቧንቧ ወዴት እንደሚወስድ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ብልህ ሕግም ነበረው። የሠራኸውን ደረጃ ለሌሎች ከማቅረብህ በፊት አንተ ራስህ እስከ መጨረሻው ተጫውተህ ማለፍ አለብህ። ይህ ሕግ የማይታለፍ ወጥመድ ሠርቶ ሰው ማሰቃየትን ለመከላከል የታሰበ ነው። በሜይ 2016 ከ7 ሚሊዮን በላይ ደረጃዎች መሠራታቸውንና ከ600 ሚሊዮን ጊዜ በላይ መጫወታቸውን ኒንቴንዶ አስታወቀ። ሲካፈል ለአንድ ደረጃ ከ80 ጊዜ በላይ ነው። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ያሉት እዚህ በትክክል ይሠራል፤ አንድ ኩባንያ ብቻውን ሊሠራው የማይችለውን ሕዝቡ እየተዝናና ሠራው።

ታዲያ ብዙኃኑ መጣ? ማስረጃው ሁለት ወገን አለው። ዊ ዩ በጠቅላላው 13.56 ሚሊዮን ብቻ የተሸጠ ያልተሳካለት ኮንሶል ሲሆን ማሪዮ ሜከር 4 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ይህ ለኮንሶሉ ባለቤቶች ታላቅ መስህብ እንደነበር ያሳያል። በ2019 ሁለተኛው ክፍል በስዊች ወጥቶ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሸጠ። ይሁንና በዚያው ዓመት፣ በዚያው ኮንሶል ላይ፣ በዚያው ማሪዮ ስም ኒው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ዩ ዴሉክስ ወጥቶ ነበር። እሱ ደረጃ መሥሪያ የሌለው፣ ከ2012 የተመለሰ አሮጌ ጌም ነው። የተሸጠው ግን ከ17 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከሜከር 2 ሽያጭ እጥፍ በላይ። መሸጫው፣ ጀግናው፣ ዘመኑ አንድ ሆኖ ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ሱቅ ለገባው ተራ ሰው «ትሠራለህ» ከሚለው ይልቅ «ትጫወታለህ» የሚለው ግብዣ የበለጠ እንደሚጠራ መቀበል ግድ ነው።

ሦስት መንገዶች በ2020

2020 የዚህን ክርክር መልስ ፍንትው አድርጎ ያሳየ ዓመት ነው። በፌብሩዋሪ ሚዲያ ሞሊኪውል ለዓመታት የደከመበትን ድሪምስን አወጣ። በድሪምስ ቅርጽ መቅረጽ፣ ሙዚቃ መድረስ፣ ፊልም ማንቀሳቀስ፣ ሙሉ ጌም መሥራት ይቻላል። በኮንሶል ላይ እንዲህ ያለ የፈጠራ መሣሪያ ቀርቦ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ዝም ብሎ መጫወት ለሚፈልግ ሰው የሚያሳየው የራሱ ዓለም አነስተኛ ነበር። ሠሪዎቹም የደከሙበትን ሥራ ከጌሙ አውጥተው እንደልብ የሚሸጡበት መንገድ አልነበራቸውም። በሴፕቴምበር 2023 ለድሪምስ የሚደረገው ተከታታይ ማሻሻያ ቆመ።

በኖቬምበር ሱሞ ዲጂታል የሠራው ሳክቦይ፦ ኤ ቢግ አድቬንቸር ወጣ። ሳክቦይ ተመለሰ፤ የፈጠራው ክፍል ግን ተወግዷል። ዝላዩ ጠንካራ፣ መንገዱ ግልጽ፣ ለአራት ሰው የሚመች ደስ የሚል ጌም ሆነ። ሶኒ ራሱ «መጀመሪያ ጨዋታው ይጣፍጥ» ወደሚለው ማዘንበሉን ያሳያል።

ሦስተኛው መንገድ በኦገስት ወረርሽኙ ሰውን በቤቱ በዘጋበት ወቅት የመጣው ፎል ጋይስ ነው። የለንደኑ ሜዲያቶኒክ ሥራ ሲሆን ሲወጣ 60 ሰዎች በአንድ ላይ እየሮጡ፣ እየዘለሉ፣ እየወደቁ የመሰናክል ውድድር ያደርጉበት ነበር። የፕሌይስቴሽን ፕላስ አባላት በነፃ አገኙት፤ በዚያ አገልግሎት ታሪክ ከሁሉም በላይ የወረደ ጌም እስከመሆን ደረሰ። በጁን 2022 ለሁሉም ነፃ ሲሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ 50 ሚሊዮን ሰው ገባ። ደረጃ መሥሪያው የተጨመረው በሜይ 2023 ነው። ሕዝቡ ከመጣ፣ ከሳቀና ከለመደ በኋላ ማለት ነው።

በ2024 የዓመቱን ምርጥ ጌም ሽልማት የወሰደው የቲም አሶቢው አስትሮ ቦት ሲሆን እሱም መሥሪያ የለውም። እያንዳንዱ ዝላይ እጅ ላይ በንዝረት የሚሰማበት ይህ ጌም እንዲህ ቢከበርም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የተሸጠው 1.5 ሚሊዮን ነው። በፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብቻ በሙሉ ዋጋ የሚሸጥ ጌም የቱንም ያህል ቢጣፍጥ የሚደርስበት ወሰን አለው። ጥራት ዝናን ያመጣል፤ ሕዝብን የሚያመጡት ግን ጌሙ የሚሠራበት ዕቃና ዋጋው ናቸው።

ሰርቨር ሲዘጋ ምን ይጠፋል?

በኤፕሪል 2024 ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሶኒ በቴክኒክ ችግር ተቋርጦ የነበረው የሊትል ቢግ ፕላኔት 3 ሰርቨር ተመልሶ እንደማይከፈት አስታወቀ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ የተጫዋቾች ሥራዎች ከጌሙ ውስጥ የማይገኙ ሆኑ። ኒንቴንዶ ደግሞ በኤፕሪል 8 የዊ ዩን ኦንላይን አገልግሎት ዘጋ።

ከመዘጋቱ በፊት በማሪዮ ሜከር የታየው ግን የዚህን ዘርፍ ልብ ያሳያል። ቲም ዜሮ ፐርሰንት የተባለ የተጫዋቾች ስብስብ ከሠሪያቸው በቀር ማንም ያላለፋቸውን ደረጃዎች ፈልጎ አንድ በአንድ ለማለፍ ተነሳ። ሥራቸውን በጊዜ ለመጨረስ ከሰርቨሩ መዘጋት ጋር ይሽቀዳደሙ ነበር። በመጨረሻ «ትሪሚንግ ዘ ኸርብስ» የተባለ፣ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ የሚፈጅ፣ በማይታመን ፍጥነት ቁልፍ መጫን የሚጠይቅ ደረጃ ብዙዎችን አስቸገረ። በማርች የደረጃው ሠሪ በሰው እጅ ሳይሆን በመሣሪያ እገዛ አልፎ እንደጫነው አመነ። ስለዚህ ከቁጥር ወጣ፤ የስብስቡ ሥራም በሌላ ደረጃ ተጠናቀቀ። ተጫዋቾቹ ግን አልተዉትም። መዝጊያው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በኤፕሪል 5፣ አንድ ተጫዋች በገዛ እጁ አለፈው።

ይህን ትዕግሥት ያመጣው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ደረጃ የአንድ የማይታወቅ ሰው ሥራ መሆኑ ነው። አንድ ልጅ በ2015 ሠርቶ የለቀቀውን፣ ሌላ ማንም ያላለፈውን ደረጃ ሌላ አገር ያለ ሰው ከዓመታት በኋላ ፈልጎ ተጫወተለት። ፈጠራን የሚጋብዝ ጌም ሲሳካ ሰውን ከሰው ያገናኛል። የተሠራው በተዘጋ ሰርቨር አብሮ እንዲጠፋ መፍቀድ ግን ለዚያ ልጅ ክብር አለመስጠት ነው። ኩባንያዎች ሰው ሥራውን እንዲሰጣቸው ከጋበዙ፣ ሲዘጉ ቢያንስ ባለቤቱ ሥራውን አውርዶ የሚያስቀምጥበትን መንገድ ማዘጋጀት ይገባቸዋል።

ስፋቱ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ሮብሎክስ በ2024 ለሠሪዎች 923 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሏል። ይሁንና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከማያውቁት ሰው ጋር የሚወያዩበት ቦታ በመሆኑ የልጆች ደኅንነት ጥያቄ ደጋግሞ ተነስቶበታል፤ ቱርክ በኦገስት 2024 አገደችው። ሶፋ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጦ መጫወትና ከማይታይ ሰው ጋር መጫወት አንድ አይደሉም። በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም፣ በዱባይ ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ልዩነት አውቀው የመልዕክት መቆጣጠሪያውን ማስተካከል፣ ሲቻልም አብሮ መጫወት ይጠበቅባቸዋል።

ማጠቃለያ

የዘርፉ ታሪክ ሲጠቃለል አራት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ዝላዩ ራሱ መጣፈጥ አለበት፤ መሣሪያ የዝላይን ጉድለት አይሸፍንም። ሁለተኛ፣ ጌሙ ሰው አስቀድሞ በያዘው ዕቃ ላይ፣ በሚቻለው ዋጋ መገኘት አለበት። ሦስተኛ፣ ደካማው ተጫዋች ከጎበዙ ጋር የሚሄድበት መንገድ ያስፈልገዋል። አራተኛ፣ ፈጠራው ከጨዋታው ውስጥ እንደ ማይንክራፍት ጎጆ በቅሎ መውጣት ይኖርበታል እንጂ በሌላ በር የሚገቡበት ትምህርት ቤት መሆን የለበትም። ሊትል ቢግ ፕላኔት በመጀመሪያው ተንገዳገደ፣ በሁለተኛው ተሰናከለ፣ በአራተኛው ደግሞ ግማሽ መንገድ ሄደ። ያም ሆኖ ከእሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ እሱ በጠረገው መንገድ ነው የሄዱት።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በከተሞቻችን የጌም ቤቶች ውስጥ ኳስ ጌሙ ቢነግሥም ወጣቱ ስልክ በእጁ ይዟል። የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ በኩኩሉ ሯጭና ዘላይ ዶሮን ለስልክ አምጥቶ እዚሁ ተሠርቶ እዚሁ የሚወደድ ጌም እንደሚቻል አሳይቷል። ቀጣዩ እርምጃ ተጫዋቹ ራሱ የሰፈሩን ጎዳና፣ የገበያውን ግርግር፣ የገጠሩን ገደል ደረጃ አድርጎ ለጓደኛው የሚልክበት ጌም ነው። ይህን ለመሥራት የምታስቡ ወጣቶች፣ ብዙ ዳታ በማይበላና በርካሽ ስልክ በሚሠራ ጌም ጀምሩ። ለሁለት ሰው አድርጉት። መጀመሪያ ያጫውት፤ ማዘጋጃውን ከዚያ ጨምሩ። የመጣው ሰው ከወደደው ሠሪው ከመካከሉ ይወጣል።